43 ልጆችን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ 29 ዶክተር አገኘሁ። መክሊታቸውን እንዴት እናግኝላቸው?

የጦሳ ሥር (ክሩን የከፈተችው) · ደሴ · እሑድ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሆምሩም ነኝ። ዘንድሮ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ «ጥሪና መክሊት» ተባለና ለእኔ ተሰጠ። መጽሐፍ የለው፣ መምሪያ የለው። «አንቺ ታውቂበታለሽ» ተባልኩ። እኛ ቤት ይሄ ማለት የሚወስደው ሰው ጠፋ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ብጣሽ ብጣሽ ወረቀት አደልኩና «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» አልኩ። ከ43 ልጅ 29ኙ ዶክተር። 6 ኢንጂነር። 4 ፓይለት። አንዱ «ዶክተር ወይም ፓይለት»። ሁለት ዘማሪ። አንዷ ባዶ ወረቀት መለሰችልኝ።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሳገላብጠው የገረመኝ የዶክተሩ ብዛት አልነበረም። የሁሉም ምክንያት አንድ መሆኑ ነው፤ «ቤተሰቤን ለመርዳት»። እጅ ጽሑፉ ይለያያል እንጂ አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። በሚቀጥለው ዓርብ «ዶክተር ሲሠራ ያየ?» ስል ያዩት ራሳቸው ታመው የሄዱ ቀን ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ያዩት መርፌውን ነው።

አንዲት ልጅ ደግሞ «እግዚአብሔር ዶክተር ትሆኛለሽ ብሎኛል» ብላ ጽፋለች። ትንቢት ተነግሯታል ማለት ነው። ይህቺ ልጅ ባለፈው የጓደኛዋ አፍንጫ ሲነስር ደሙን አይታ እዚያው ወድቃለች። ተሸክሜ ያወጣኋት እኔ ነኝ። አሁን ምን ልበላት?

ደግሞ ከክፍሌ ልጆች ከሲሶ በላይ ሙስሊም ናቸው። ወሎ ነው መቼም። ለእነሱ «ጥሪ» የሚለውን በምን ቋንቋ ልንገራቸው?

እባካችሁ «ጸልዪበት» ብላችሁ ብቻ እንዳትለቁኝ። እየጸለይኩ ነው።

---

የወጣቶች አገልጋይ · ወልድያ · እሑድ ማታ 3:55

እህቴ፣ ስለ ትንቢቷ ልጅ ልጀምር፤ እሱ ነው የከነከነኝ።

ትንቢቱን አትሟገቺው። አታጽድቂውም። ሳሙኤል ልጅ ሆኖ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ወደ ኤሊ ነው የሮጠው። ድምፁን አልለየውም። ኤሊ ራሱ፣ ያን ያህል ዘመን ካህን ሆኖ፣ ነገሩ የገባው በሦስተኛው ነው። እኛ ግን የ13 ዓመት ልጅ መድረክ ላይ አቁመን በሁለት ደቂቃ የ30 ዓመት ሥራ እንነግራታለን። ከዚያ ፈተና ስትወድቅ ፈተናውን ብቻ አይደለም የወደቀችው፤ እግዚአብሔርንም ያሳፈረች ይመስላታል። እንዲህ ሆነው ቤተ ክርስቲያን መምጣት ያቆሙ ልጆች አውቃለሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሌላው «መክሊት» የሚለው ቃል ነው። እኛ ቤት መክሊት አለው ማለት ማይክ ይይዛል ማለት ሆኗል። ይዘምራል ወይ ይሰብካል። ማይኩን የጠገነው ልጅ ከነሶልደሩ ከመድረኩ ሥር ተጎንብሶ ይቀራል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ማቴዎስ 25 ላይ መክሊት ገንዘብ ነው። ጌታው ለአንዱ 5፣ ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 1 «እንደ ዓቅሙ» ሰጠና ሄደ። ባለ አምስቱ ወረቀት ላይ «ወደፊት ነጋዴ መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ አልጻፈም፤ ወጥቶ ነገደበት። ያተረፈውም የታወቀው ከነገደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽን ጣይው ነው የምልሽ። የሚነግዱበት ነገር ስጫቸው። ሥራ። እውነተኛ ሥራ ግን፣ ካልተሠራ የሆነ ሰው የሚጎዳበት።

---

እውነቱን ልናገር · ደሴ · እሑድ ማታ 4:20

እኔ ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ደስ የማይል ነገር ልናገር።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 አደገ ተብሎ 5.4። ልጆቻችን ክፍልፋይ መደመር አይችሉም፣ እኛ መክሊት ፍለጋ ላይ ነን። ያቺን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ስጡኝ። ማንበብና ማስላት የቻለ ልጅ ጥሪውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ያልቻለው ምንም ቢጠራ አይሰማም።

በክፉ አትዩብኝ።

---

የጦሳ ሥር · እሑድ ማታ 4:31

በክፉ አላየሁብህም ወንድሜ። ግን ልጠይቅህ፤ ያ ሁሉ ልጅ ሲወድቅ «ሌላ ምን እችላለሁ?» የሚለውን ማን ነገረው? 12 ዓመት አስተምረነው የነገርነው ነገር ቢኖር የማይችለውን ብቻ ነው።

---

ብየዳ ክፍል · ኮምቦልቻ · ሰኞ ቀን 6:50

የምሳ ሰዓት ላይ ነኝ፣ ባጭሩ እላለሁ ብዬ ነበር። አይሆንም መሰለኝ።

ቴክኒክና ሙያ ነው የማስተምረው። ብረታ ብረት። ልጆቹ ወደ እኔ የሚመጡት «ወድቀው» ነው። እንደዚያ ነው ራሳቸው የሚሉት። አምና አንዲት እናት ልጇን ስታስመዘግብ ቆማ አለቀሰች። ለቅሶ ቤት የመጣች ነው የምትመስለው። ልጁ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። አያቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ ልጁን ለልጁ ግን አይሰጥም። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ ይሉታል። ሸክላ ሠሪዋንም እንደዚያው፤ በጀበናዋ ቡና እየጠጡ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ አባቴ ስለ አያቴ ሥራ እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ነበር።

አሁን እናንተ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ዘጸአት 31ን ለልጆቹ አንብቡላቸው። እግዚአብሔር ለሙሴ «በስሙ ጠርቼዋለሁ» የሚለው ባስልኤልን ነው። ነቢይ አይደለም፣ ካህን አይደለም። ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ ዕንቁ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው ነው። የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ለዚያ ሥራ ነው። እኔ 40 ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በዚህ ክፍል ሲሰበክ የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። እሱንም የሰበከው ለሕንፃ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው፤ ይቅር ይበለው።

አንድ የማይበት ነገር ልንገርሽ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁለት ቁራጭ ላሜራ ሰጥቼ አያይዝ እለዋለሁ። ሁሉም ያበላሻል። ኤሌክትሮዱ ይጣበቅበታል፣ ላሜራው ይበሳል። እኔ ብየዳውን አላይም፤ ከተበሳ በኋላ የሚያደርገውን ነው የማየው። አንዱ ይሳደባል። አንዱ ዘወር ብሎ ማን እንዳየው ያያል። አንዱ ግን ማስኩን ገልጦ ጎንበስ ይልና ቀዳዳውን ያየዋል። ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያ «ጋሼ፣ እጄ ዘግይቶ ነው?» ይለኛል። ያንን ልጅ ያዝኩት በቃ።

ያ ልጅ ያቺ ስታለቅስ የነበረች ሴትዮ ልጅ ነው።

ልጆችሽን አንድ ቅዳሜ አምጪልኝ።

---

የዋድላ ተማሪ · ላሊበላ · ሰኞ ማታ 1:15

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ነኝ፣ ኦርቶዶክስ። ጴንጤዎቹ ወንድሞቼ አይቀየሙኝና፣ ይሄ እናንተ ዓርብ ዓርብ ያደረጋችሁት ነገር እዚሁ ወሎ ውስጥ የነበረ ነው። ክፍለ ጊዜ ብቻ አልነበረውም። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረው ነው የወጡት። የዋድላ ቅኔ እስከ ዛሬ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ ይነሳል።

የራሴን ልንገራችሁ። ንባብ ቤት ጨርሼ ዜማ ልጀምር ሄድኩ። አባቴ ድጓ አዋቂ እንድሆን ነበር ምኞቱ። ድምፄ ግን የተሰነጠቀ እንስራ ነው። ሁለት ወር ስጮህ ከረምኩ። የኔታ ምንም አላሉኝም። አንድ ማታ ተማሪዎች እሳት ዳር ሲጫወቱ አንዱ የተናገረውን ቃል ሁለት ትርጉም ሰጥቼ አሳቅኋቸው። የኔታ ከጎጇቸው ሰምተዋል። ጠዋት ጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ ጉሮሮህን ተው። ጆሮህ ለቅኔ ነው» አሉኝ። ጉባኤ ቃና ጀመርኩ፣ ባለ ሁለት መስመሩን ቅኔ። በሳምንቱ የተቀኘሁትን ሰምተው ፈገግ አሉ። የኔታ ፈገግ ሲሉ ያየ ሰው ብዙ የለም።

እና መምህርት፣ የኔታ «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ብለው አያውቁም። ሁለት ወር ዝም ብለው ነው ያዳመጡኝ። ስጮህም፣ ስቀልድም።

ለሒሳቡ ወንድሜ ደግሞ፤ ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ሸሽቶ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ልጅ ነበር። ትሏ 6 ጊዜ ወድቃ በ7ኛው ዛፉን ስትወጣ አይቶ ተመለሰ ይባላል። ክፍልፋይም እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ አትቁረጥባቸው።

---

የሰዓዳ እናት · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ጠዋት 3:05

አብሽሪ መምህርት። ሙስሊም ነኝ። ልጄም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ 6ኛ ክፍል። ሥርዓታቸው ደስ ብሎኝ ነው ያስገባኋት።

ስለ ቃሉ አትጨነቂ። «አደራ» በይው። ይሄ ችሎታ ከፈጣሪ የተሰጠሽ አደራ ነው፣ ትጠየቂበታለሽ በያቸው። የእኔም ልጅ ይገባታል፣ የእናንተም ልጅ ይገባዋል። እኛም ቤት «አማና» ስንል ያው ነው። ወሎ ላይ አደራ የማይገባው ሰው የለም መቼም።

የእኔዋም ዶክተር ነው የምትለው። እኔ ነኝ ያስባልኳት፣ አልዋሽም። ሱቅ አለኝ፣ ትንሽዬ። ክረምት ላይ አብራኝ ትውላለች። አንድ ቀን የዱቤ ደብተሩ ዘይት ፈሰሰበት። ሁለት ገጽ ሙሉ አይነበብም። እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ እሷ ቆጠረችልኝ። እነ እገሌ ሁለት ሳሙና፣ የማዶዋ ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ስኳርና ክብሪት፣ ያውም ክብሪቱን በሌላ ቀን። ሄጄ ሁሉንም ጠየቅኋቸው። አንድ ብቻ ነው የሳተችው፤ እሱንም ሰውየው ዋሽቶ ሊሆን ይችላል።

ይሄን ለአስተማሪዋ ነግሬያት አላውቅም። ማን ጠይቆኝ? ወላጅ የምንጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ልባችን ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ልጄ ያደረገችውን ጥሩ ነገር ጽፋችሁ ብትልኩ ፍሬም አድርጌ ሱቅ ላይ ነበር የምሰቅለው።

---

ሬሜዲያል 2015 · ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ · ማክሰኞ ማታ 5:30

ያ 3.3 በመቶ የተባለው ዓመት ተፈታኝ ነበርኩ። ከ96.7ቱ ውስጥ ነኝ፣ ሰላም ብያለሁ 😄

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ ወጣን። በተጠለልንበት ቦታ ሥራ ፈትቼ ስለነበር ትንንሾቹን ሰብስቤ ፊደል ማስቆጠር ጀመርኩ። ሰሌዳ የለም፣ ካርቶን ላይ በከሰል። አንድ አስተማሪ፣ ከሌላ ከተማ የተፈናቀለ፣ ቆሞ አየኝና «አንተ ስታስረዳ ፊታቸውን ታያለህ። ብዙ መምህር ሰሌዳውን ነው የሚያየው» ብሎኝ ሄደ። ስሙን እንኳን አላውቅም።

12ኛ ክፍል ድረስ ስለ እኔ የሆነ ነገር አይቶ የነገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ፊልም ቢሆን አሁን መምህር ነኝ እል ነበር። የተመደብኩት አካውንቲንግ ነው። ከሰዓት ግን 5 ልጆች አስጠናለሁ፣ ኪራዬን የምከፍለው በዚያ ነው። ሚስ፣ ያየሽውን ንገሪያቸው። «ጎበዝ» አትበያቸው ግን። ጎበዝ ለሁሉም ይባላል።

---

የጦሳ ሥር · ደሴ · ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ 3:10

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሚያምረውም የማያምረውም አለው።

ጥያቄውን ጣልኩት። ልጆቹን በ6 ቡድን ከፍዬ ሥራ ሰጠኋቸው፣ በየሳምንቱ እየተቀያየሩ። የውሃ ሮቶው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አንደኛ ክፍሎችን ማስነበብ፣ ችግኙ፣ የጠዋት ሰልፉ፣ የጠፉ ዕቃዎች ሳጥን። እኔ ደብተር ይዤ እዞራለሁ። ሕጌ አንድ ነው፤ «ጎበዝ»፣ «ሰነፍ»፣ «ጨዋ» የሚል ቃል አልጽፍም። በዓይኔ ያየሁትን ብቻ።

በ1ኛው ሳምንት ሮቶው ፈሰሰ። ልጆቹ ቧንቧውን ሰበሩት። ግቢው ጭቃ ሆነ፣ ርእሰ መምህሩ ጠርተው በወግ አድርገው ተቆጡኝ። በ2ኛው ሳምንት አንድ አባት መጣ። «ልጄን ለትምህርት ነው የላክሁት ወይስ ለውሃ ቀጂነት?» አለኝ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ። ልጁ ያንን ሮቶ ያዳነው ልጅ ነው። ተንሳፋፊዋ ኳስ ተበስታ ውሃ ሞልቶባት ነበር፣ ለዚያ ነው ሮቶው ሲሞላ የማይዘጋው። ልጁ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተካት። ክዳኑን በጎማ ጠምጥሞ፣ በሽቦ አስሮ። እስከ ዛሬ እየሠራች ነው። አባቱን ይዤው ወጥቼ ከፍቼ አሳየሁት። አየ። ምንም አላለም። «እቤት ሬዲዮዬን ፈትቶ ገርፌው ነበር» አለና ሄደ። ልጁን ግን በሚቀጥለው ዓርብ ከሥራው አስቀሪልኝ ብሎ በጽሑፍ ላከ። ምን ላድርግ፣ አስቀረሁት። አሁን ቤተ መጻሕፍት ነው፣ መደርደሪያ እየነቀነቀ።

ባዶ ወረቀት የመለሰችዋ። ስሟን አልጠራም። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን አልሰማሁም ብል ይቀላል። አንደኛ ክፍሎችን ስታስነብብ አየኋት። አንዱ ሕፃን ፊደል አይለይም ተብሎ ለመድገም የተፈረደበት ነው። እሷ መጽሐፉን ወደ ፊቱ ታስጠጋለች፣ ታርቃለች፣ ታስጠጋለች። ከዚያ መጣችና «ሚስ፣ ይሄ ልጅ አያይም እኮ» አለችኝ። እናቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። መነጽር ታዞለታል። ሦስት አስተማሪ አልፎት ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ትንቢቷን ልጅ ከ9 ልጆች ጋር ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፣ አስፈቅጄ። መርፌ ክፍል አልገባችም፣ በር ላይ ቀረች። ስንወጣ አጣናት። ካርድ ክፍል ጋ ነበረች፤ አንዲት እናት ከመስኮት መስኮት ሲመላለሱ አይታ እጃቸውን ይዛ ወረፋ አስይዛቸዋለች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ «ለምንድነው ምልክት የማይለጥፉት?» ስትል መጣች። ደብተሬ ላይ ይሄንን ጻፍኩ። ለእሷም አነበብኩላት። ትንቢቱን አልነካሁም፣ የወጣቶች አገልጋይ እንዳልከው። ያን ቀን ማታ እናቷ ደወለችና «ደም የማይታይበት ሐኪምነት አለ ወይ?» አለችኝ። ላብራቶሪ አልኳት፣ ከዚያ ደነገጥኩ፣ እዚያም ደም ነው! ሁለታችንም ሳቅን።

ሰዓዳ እናት፣ ለ43ቱም ወላጅ ደብዳቤ ላክሁ። ሦስት ሦስት መስመር። ለአራት ልጆች የምጽፈው አጣሁ፣ እውነቱን ልናገር። ለእነሱ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነው የላክሁት። አንዷ እናት ፖስታውን ሳትከፍት ነው ትምህርት ቤት የመጣችው፤ «ምን አጠፋ?» እያለች።

---

እውነቱን ልናገር · ቅዳሜ ማታ 3:42

ሒሳብ ላይ ለውጥ አለ?

የጦሳ ሥር · ቅዳሜ ማታ 3:44

የለም።

እውነቱን ልናገር · ቅዳሜ ማታ 3:58

እሺ። ሮቶው ስንት ሊትር ነው? የሚሞላበትን ሰዓት ልጆቹ ይያዙልኝ። ሰኞ ለጥመርታ ትምህርት እጠቀምበታለሁ። ያንን ልጅም ላግኘው፣ አባቱ ሒሳብ ነው ካሉት አይከለክልም።

---

ብየዳ ክፍል · ኮምቦልቻ · እሑድ ቀን 8:20

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እጠብቃችኋለሁ። 12 ልጅ እንዳይበልጥ፣ ማስክ ያለኝ በቁጥር ነው። ነጠላ ጫማ አይቻልም። ናይለን ልብስ አይቻልም፣ ብልጭታ ሲያርፍበት ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ሐረጎን ስትወርዱ የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ፌስታል ያዙ።

የሰዓዳ እናት · እሑድ ቀን 9:01

ጋሼ፣ የእኔዋንስ ላምጣት? እዚሁ ቅርብ ነን። ሒጃብ ታደርጋለች፣ ያስቸግራል?

ብየዳ ክፍል · እሑድ ቀን 9:06

ጥጥ ከሆነ ምንም አይል። ጫፉን አንገቷ ውስጥ ትክተተው።